ለፈረስ ድጋፍ ሲጠይቁ የኖሩት የመምህር ገብረእግዚአብሔር ሀብተጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

መምህር ገብረእግዚአብሔር ከአባታቸው ከአቶ ሀብተጊዮርጊስ ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቅዬ ተሰማ በነሐሴ ወር 1946 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ተምረው፣ በስፖርት መምህርነት ሠልጥነው በ1969 ዓ.ም. ጨንቻ ተመደቡ። ለጥቂት ጊዜ ብለው የመጡበትን አገር ሳይጠግቡት ነው ዛሬ የምንሸኛቸው።

በ1974 ዓ.ም. በጨንቻ ነርስ ሆነው ይሠሩ የነበሩትን ወይዘሮ አበራሽ ወልዴን አግብተው ወንደሰንን እና የዚህን ጽሑፍ ጸሐፊ ኪዳነምሕረትን ወለዱ። በ1986 ዓ.ም. ወደ አርባ ምንጭ ተዛውረው እስከ ጡረታቸው ድረስ በስፖርት ባለሙያነት አገለገሉ። ሥራቸው ኳሱም ሩጫውም ነበር፤ ልባቸው ግን ፈረስ ላይ ነበር። ጨንቻ ላይ በመስቀል ማግስት ይደረግ የነበረውን የፈረስ ውድድር ባንዲራ አውርደው የሚያስጀምሩት እሳቸው ነበሩ።

ለፈረሶቹ ሐኪም፣ ለሜዳው አጥር፣ ለፈረሰኞቹ ሽልማት እንዲመደብ ያላንኳኩት የመንግሥት በር አልነበረም። ድጋፍ ሲጠይቁ የሚሰጣቸው ግን የድጋፍ ደብዳቤ ነበር፤ እሱም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይመራቸዋል። እናታችን "ፈረሶቹ ይሄን ይበሉታል?" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አባታችንም አብረው ስቀው በማግስቱ ከረባታቸውን አስረው ይወጣሉ።

በ2014 ዓ.ም. ድጋፉ ተገኘ። በከተማችን የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየመንገዱ በተከፈቱበት በዚያ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ድርጅት በጨንቻው ውድድር ላይ ውርርድ እንዲያካሂድ ተፈቀደለት። መንግሥትም በዚሁ ምክንያት ለፈረሶቹ ሐኪምና መኖ መደበ። አባታችን በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ልጅ ቦረቁ። የውድድሩን ደንብ ያረቀቁትም እሳቸው ነበሩ፤ መጀመሪያ የገባ ፈረስ ያሸንፋል ብለው ጻፉ።

ስህተታቸው እዚህ ላይ ነበር። በዚያ ሜዳ ፈረሰኛ አማቱን ቀድሞ አይገባም። አማቱ ከኋላው ሲደርስ ካየ ልጓሙን ስቦ ያሳልፈዋል፤ ሕዝቡም ማን ይቀድም እንደነበር አይቷልና እልል የሚለው ልጓሙን ለሳበው ነው። አባታችን ይህን ወግ አሳምረው ያውቁት ነበር። በጣም ስለሚያውቁት ነው መጻፍ እንዳለበት ትዝ ያላላቸው። ጥፋቱን ራሳቸው በአደባባይ ስለተናገሩት እኛም እዚህ ለማንበብ አላፈርንም።

በ2015 ዓ.ም. የመስቀል ማግስት ገነነ የሚባል ፈረሰኛ ሁሉንም ጥሎ ሊገባ ሲል የሚስቱ አባት ከኋላው ደረሱ። ገነነም ልጓሙን ሳበ። ሜዳው በእልልታ ተናጋ። እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሠፈር ሆነው በስልክ የሚከታተሉት፣ በገነነ ላይ ትኬት የቆረጡት ወጣቶች ግን ውድድሩ ተሸጧል ብለው ውርርድ ቤቱን በድንጋይ ደበደቡት። ገነነ በማጭበርበር ተጠርጥሮ ታሰረ። ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ "አማቴን ቀድሜ፣ በምን ዓይኔ ሚስቴን አያለሁ?" ብሎ መለሰ። አባታችን ዋስ ሆነው አስፈቱት፤ በስብሰባ ፊትም ቆመው ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ።

ድጋፉ ተነሣ፣ ሐኪሙም ወደመጣበት ተመለሰ፣ ውድድሩም ቀረ። አባታችንን የወቀሳቸው የጨንቻ ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ያን ሁሉ ዘመን የኖሩለትን ውድድር በእጄ ገደልኩት ብለው ከዚያ ወዲህ ወደ ጨንቻ ደጋ አልወጡም። በቀጣዩ ዓመት መስቀል በር ዘግተው ዋሉ። ያንን ማየት ለእናታችንም ለእኛም ከባድ ነበር፤ ዛሬም ያንገበግበናል።

በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የኩላሊት ሕመም ጠንቶባቸው አልጋ ያዙ። ባለፈው መጋቢት ገነነና አማቱ ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሠፈር ወደሚገኘው ቤታችን መጡ። በዱቡሻ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ተመክሮበት ውድድሩ በሚመጣው መስቀል ያለ ውርርድ እንዲመለስ መወሰኑን ነገሯቸው። "ጋሼ፣ ባንዲራውን ሌላ ሰው አይይዝም" አሏቸው። አባታችን ቀና ለማለት ሞክረው አቃታቸው። "አሁንስ ድጋፍ የሚያስፈልገው ለእኔ ነው" አሉ። ገነነ በቀኝ፣ አማቱ በግራ ብብታቸውን ይዘው በረንዳው ድረስ አወጧቸው። እዚያ ቆመው የጨንቻን ተራራ ለረጅም ጊዜ አዩ። እናታችን ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ።

መምህር ገብረእግዚአብሔር ሕክምና ሲደረግላቸው ቆይተው ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። የሚመጣውን መስቀል አላገኙትም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበራሽ፣ ልጆቻቸው ወንደሰንና ኪዳነምሕረት፣ የልጅ ልጃቸው የአብስራ በመሪር ሐዘን ላይ እንገኛለን። ደጋ አገር ፈቅዶ ቤት የሰጣቸው አምላክ በመንግሥቱም ቤት ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ እናታችንን ያጽናልን።

ትናንት ማታ ከጨንቻ የወረዱት ፈረሰኞች ስማቸው ከሐዘንተኞች ተርታ ሳይሆን ከአባታችን ልጆች ጋር እንዲጻፍ ጠይቀውናል። ለለቀስተኛው የታደለው ወረቀት ቀድሞ ታትሞ ስለነበር አልደረሰልንም። ስለዚህ እዚህ በቃል እንናገራለን፤ የአባታችን ልጆች ብዙ ናቸው።