በቀይ ቀለም የተቀባው የእትብትህ ዛፍ

ልጄ ቱሌ፣

የውሃና የምድር ጌታ ከክፉ ይሰውርህ፤ እጅህን አያዝልብህ። እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ሩዙ ዘንድሮ ቀንቶታል፤ አባትህን ግን ጉልበቱ እንቢ ብሎታል።

የፓርኩ ሰዎች ከማሳችን በላይ ለጎብኚዎች ሰገነት እየሠሩ ነው። ፏፏቴውን ይጋርዳል ያሉትን ዛፍ ሁሉ ሊቆርጡት ቀይ ቀለም ቀብተውታል። ያንተም ዛፍ ተቀብቷል። አባትህ እትብትህን በቀርከሃ አድርጎ ያሰረበት፣ ነፍስህ የምታድርበት፣ ምሳር አይንካው የተባለው ዛፍ። እኛ ከዚያ ጫካ ደረቅ እንጨት ለቀማችሁ ተብለን የተቀጣን ሰዎች ነን። ለጎብኚ ዓይን ሲሆን ግን መቁረጡ ልማት ይባላል።

ሄጄ ለጠባቂው ለኡዶም ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«እትዬ፣ ነፍሱ እዚህ ከሆነች ኮሪያ ፋብሪካ የሚሠራው ታዲያ ማን ነው?»

«አንተስ እናት የለህም?» አልኩት።

«አለችኝ። እኔ ግን እደውልላታለሁ» አለኝ።

እኔ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ድምፅህን አልሰማሁም።

ዛፉ ሳይወድቅ ነፍስህን ጠርቼ ወደ ቤት ላስገባት እፈልጋለሁ። ነፍስ የምትከተለው የባለቤቷን ልብስ ነው፤ እዚህ የተውከው ሸሚዝ ግን ከመታጠብ ብዛት ሽታህ ጠፍቶበታል። እባክህ አንድ የለበስከውን ሳታጥብ ላክልኝ። ደብዳቤ ባትጨምርበትም ግድ የለም።

ነፍስህን መንገድ አይጥፋት፤ በሄድክበት ሁሉ ጥላ አይለይህ።

እናትህ ኖ ሙ