የተሰሎንቄ መስመር

ውድ ቬሊን፣

ስልክህን የማላነሳው ለምን እንደሆነ ሳይገባህ አይቀርም። ዝላትካ የምትሠራበት ሱቅ ድረስ ሄደህ «ባልሽ ምን ሆነ?» ብለህ እንደጠየቅካት ነግራኛለች። በስልክ ብናወራ አንድ ቀልድ ጣል ታደርግና ታስቀኛለህ፤ ከሳቅኩ ደግሞ አለቀልኝ። ስለዚህ መጻፍ መረጥኩ።

በመጋቢት፣ እዚሁ ከተማችን ቪዲን፣ የዳኑብ ድልድይ አጠገብ የጭነት መኪኖቻችንን አቁመን የባቄላ ሾርባ የበላንበትን ቀን ታስታውሳለህ? አንተ ከጀርመን ወር ሙሉ ቆይተህ መመለስህ ነበር። እኔ ወደ ግሪክ፣ ወደ ተሰሎንቄ ልወርድ ነው። ሁለታችንም የወይዘሮ ኔቬና ድርጅት ሹፌሮች።

«ይሄ ያረጀ መኪናሽ ማሞቂያው ተሠራ?» አልከኝ፣ አንዳንዴ ለቀልድ እንደምታደርገው በሴት አንቀጽ እየጠራኸኝ።

«አልተሠራም። ግን በዚህ መስመር አርብ አርብ ቤቴ ነኝ።»

«ቤትህ ሆነህ ምን ትሠራለህ? ከአባትህ ጋር ዳማ? ሰማያዊዎቹ ጋ መኪናው አዲስ ነው፣ ክፍያው የዚህን አንድ ተኩል እጥፍ ያህላል!»

ያ የጭነት ድርጅት መኪኖቹን ሁሉ ሰማያዊ ስለሚቀባ ነው እንዲያ የምንላቸው። እኔም የማውቀውን ነገርኩህ፦ ክፍያው የሚበዛው በውሎ አበል ነው፤ ደመወዝ ተብሎ የሚመዘገበው ትንሽ ነው፤ የታመምኩ ቀን፣ ጡረታም የወጣሁ ቀን የሚታሰብልኝ በዚያች በትንሿ ነው። ኔቬና ግን የምትከፍለውን ሁሉ ታስመዘግባለች።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ በቁምህ ጡረታ ወጣህ እንዴ!» ብለህ ሳቅክ። ከዚያ ሳቁን ተውክና እጅህን ትከሻዬ ላይ አደረግክ። «ስማኝ አበልጄ፣ አብረን ነው የምንሄደው። ሁለት መኪና፣ አንድ መንገድ። አንተ ቀድመህ ፈርም፤ እኔ የያዝኩትን ወር ጨርሼ እከተልሃለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን አጣርቼ፣ ሌሎቹንም ሹፌሮች ጠይቄ ነበር። አንተ ግን ልጄን ራዳን ክርስትና ያነሳህልኝ ሰው ነህ። ፈረምኩ።

መኪናው እውነትም አዲስ ነበር፤ አልክድህም። ነገር ግን ጀርመን አራት ሳምንት ነድተህ ወደ ቤት ትመለሳለህ የተባልኩት ስድስት ሆነ፣ ከዚያም ስምንት። ስምሪት ክፍል ስልክ የሚያነሳው ሰው በየጊዜው ሌላ ነው፤ ስሜን የሚያውቅ የለም፤ በመኪናዬ ቁጥር ይጠሩኛል። እሁድ እሁድ ዶርትሙንድ አጠገብ ካለ ማቆሚያ ካልሲዬን በባልዲ እያጠብኩ እደውልልሃለሁ። መጀመሪያ «በሚቀጥለው ወር» አልከኝ። ከዚያ ልጅህን ቦያንን አስሙ ተነሳበት። ከዚያ ሚስትህ አኮረፈች። እኔ ደግሞ አጽናናሃለሁ! «አይዞህ፣ ልጅህን አስታም፤ ሥራው የትም አይሄድም» እልሃለሁ።

ዝላትካ ደውላ አባቴ ራሱን ስቶ መውደቁን የነገረችኝ አንድ አርብ እዚያው ማቆሚያ ሳለሁ ነው። ወዲያው ስምሪት ደወልኩ።

«ተተኪ ሹፌር የለንም። ጭነቱን ሃምቡርግ አድርስና እናያለን።»

«አባቴ እየሞተ ነው እኮ!»

«ይገባኛል። መኪናውን ጥለህ ብትሄድ ግን ወጪው ሁሉ በአንተ ነው።»

አደረስኩ። ማረፉን የሰማሁት ሃምቡርግ ላይ፣ ጭነቱ እየተራገፈ ሳለ ነው። በአውቶቡስ ቪዲን ስገባ ፎቶው ያለበት የሞት ማስታወቂያ በራችን ላይ ተለጥፏል። ተቀብሯል። የቀብሩ ንፍሮ እንኳን ተበልቶ አልቋል።

ሆስፒታል አልጋው አጠገብ የተቀመጥከው አንተ፣ ሣጥኑን የተሸከምከው አንተ። አንገትህ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። «ወንድም ማለት አንተ ነህ» አልኩህ። አንተም አለቀስክና «እንደሱ አትበለኝ» አልከኝ። ትሕትና መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ወደ ወይዘሮ ኔቬና ሄጄ ሥራዬን እንድትመልስልኝ ለመንኳት።

«ነፍስ ይማር። ተቀመጥ» አለችኝ። «ለአንተ ሥራ አላጣም። የተሰሎንቄው መስመር ላይ ግን ቬሊን ነው ያለው። አልነገረህም እንዴ?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወጣህ ማግስት ጀምሮ። የጠየቀኝማ ገና በጥምቀት ሰሞን ነው። ‹ስፓስ ሊለቅ ነው፣ መስመሩን ለእኔ ይስጡኝ› አለ። ‹እሱ ምንም አላለኝም› ብለው፣ ‹አፍሮዎት ነው፣ ቆይቶ ይነግርዎታል› አለኝ።»

በጥምቀት! እኔ ሰማያዊዎቹ የሚባሉትን ገና በሐሳቤም ሳላመጣ። ዝላትካም አርብ አርብ ሰፈር ውስጥ ስታይህ ለቦያን ብለህ ፈቃድ የወጣህ መስሏት ኖሯል።

ቬሊን፣ የወሰድክብኝ መስመሩን አይደለም፤ አርብን ነው። ከቤት ርቆ መክረም ምን እንደሆነ ከአንተ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዋጋውን ስለምታውቅ ነው ለራስህ የፈለግከው። እኔን በአዲስ መኪናና በውሎ አበል ሸነገልከኝ። «ልጄ ታሟል፣ ትዳሬ ሊፈርስ ነው» ብትለኝ መስመሩን በየሳምንቱ እንፈራረቅበት ነበር። ቅር እንኳን አይለኝም። አልጠየቅከኝም። ሸኘኸኝ።

ኔቬና ከአንተ ነጥቃ ልትመልስልኝ ፈልጋ ነበር። እምቢ አልኩ፤ ቦያን ምን አደረገኝ? በቅርብ ካለችው ከሎም ከተማ ዱቄት ለሚያመላልሱ ሰዎች ልነዳ ነው። ክፍያው ከሁለቱም ድርጅቶች ያንሳል፤ ግን ቤቴ አድራለሁ።

አሁን አንድ ነገር እለምንሃለሁ፤ የምለምንህ ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው። ያን አርብ ከተሰሎንቄ ተመልሰህ በቀጥታ ሆስፒታል ገብተሃል። በእኔ መስመር መጥተህ በእኔ ቦታ ተቀመጥክ። አባቴ በመጨረሻ ምን እንዳለ ስጠይቅህ «ምንም አላለም፣ በሰላም ነው የሄደው» አልከኝ። ያኔ አመንኩህ። ዛሬ አላምንህም።

ስለዚህ እውነቱን ጻፍልኝ። ጠርቶኝ ከሆነ፣ ስንቴም ቢሆን፣ አትደብቀኝ። ዓይኑ ደክሞ አንተን እኔ መስለኸው «ስፓስ» ብሎህ ከሆነና አንተም «አቤት አባዬ» ብለኸው ከሆነ፣ እሱንም ጻፍልኝ። በዚህኛው አልቀየምህም።

ስፓስ