ፀዲ በሞዛይኩ ግድግዳ ሥር

ለምወድሽ እህቴ፣

ሰላመ እግዚአብሔር ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የሱሉልታ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ከሞቃት አገር ለመጣ ሰው ይከብዳል ብዬ አስባለሁ፤ ጋቢ አለሽ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ዱባለ እዚያ ዓለም ገና ከተማ አንድ ሕንፃ ላይ ሥራ አግኝቷል፤ ሲሚንቶ የበላውን እጁን ቫዝሊን እየቀባ “ሰላም በይልኝ” ብሏል። ያከራዩን ኦቦ ራያም በኦሮምኛቸው “አካም ጅርቲ በያት” ብለው ደህንነትሽን ጠይቀዋል፤ አልረሱሽም። ፀዲ ደህና ናት።

ከቅዳሜ ጀምሮ ስደውልልሽ ስልክሽ ዝግ ነው። መጀመሪያ ባትሪ ዘግቶባት ነው አልኩ። እሑድ ከቸርች ስወጣ ሞከርኩ፣ ሰኞም ሞከርኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ፈራሁ። ሬሐና፣ ያቺ ፋብሪካው ውስጥ ክር ክፍል አብራን የነበረችው፣ ለቅሶ ልትደርስ ወደ ሱሉልታ እንደምትሄድ ስሰማ ይህን ወረቀት ልስጣት ብዬ ተቀመጥኩ። በስልክ ቢሆንማ እንባዬ ይቀድመኝና አልጨርሰውም ነበር።

የቅዳሜውን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

“አንዴ ብቻ ከሩቅ ልያት፤ ማን እንደሆንኩ አትንገሪያት” ስትይኝ እሺ ያለሽ አፌ ነው፤ ሆዴ እሺ አላለም። ጡት ሳትጥል ተቀብዬ ያሳደግኳት ልጅ፣ አንቺ ቤይሩት ሳለሽ በእኔ እቅፍ ጥርስ ያወጣች፣ “እማ” ብላ አፏን የፈታችብኝ፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ ናት። አንቺ አገር ገባሽ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ማታውኑ ግን በር ሲንኳኳ ልቤ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ በተንኳኳ ቁጥር ይወርዳል። ዱባለ አትሂጂ አላለኝም። ሰው የወለደውን ልይ ቢል ምን ይባላል አለኝ። ያን ሰሞን ግን እህል አልበላ ብሎት ነበር የሰነበተው።

ቦታውን፣ ያን የሞዛይክ ግድግዳ፣ የመረጥሽው አንቺ ነሽ፤ ሰው ስለሚበዛበት ማንም ልብ አይለንም ብለሽ። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሜክሲኮ በታክሲ ሄድን። ፀዲ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ስትጠይቀኝ ነው የደረስነው። ሞዛይክ ምንድን ነው? ማን ሠራው? ሲነኩት ይረግፋል? አላውቅም፣ አላውቅም እያልኩ መለስኩላት። ዓይኔ ታክሲው ውስጥ የሚገባውንና የሚወርደውን ሴት ሁሉ ሲመረምር ጆሮዬ ከእሷ ጋር አልነበረም።

ግድግዳው ከጠበቅኩት በላይ ረጅም ነው። ከመንገዱ ማዶ ሆነው ሲያዩት ትልቅ ወፍ፣ ወንዝ፣ የአደይ አበባ ሜዳ ይታያል። ጠጋ ሲሉት ስብርባሪ ብቻ ነው፤ የሴራሚክ ቁራጭ፣ የሲኒ ገል፣ የመስታወት ስንጣሪ። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ፎቶ ይነሱበታል፣ ተማሪዎች ይጋፉበታል። ፀዲ እጇን ቀለሙ ላይ እያስኬደች ስትስቅ አየኋትና እኔም ለአፍታ ለምን እንደመጣሁ ረሳሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ካልነገርኩሽ አይቀለኝም። ቢጫ ሹራብ አለብሳታለሁ ብዬሽ ነበር። ጠዋት ቢጫውን አውጥቼ በእጄ እንደያዝኩ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ አጥፌ መለስኩትና ሰማያዊውን አለበስኳት። ኮፍያም ደፋሁባት። እንዳትለዪያት ነው። ይቅር በይኝ።

ጠብቂኝ ያልሽኝ ቦታ፣ ወንዙ የተሠራበት ጫፍ ላይ ቆምን። የተባባልነው ሰዓት ደረሰ፤ አለፈም። አንቺን መፈለግ ሲገባኝ እኔ እንዳትመጪ እየጸለይኩ ነበር። ከተመለስሽ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየንም፤ ያዩሽ ሰዎች ከስታለች፣ ፀጉሯንም ተቆርጣለች ይላሉ። ሻሽ ያሰረች ሴት ሁሉ አንቺን መሰለችኝ። ዱባለ ደውሎ መጣች ወይ አለኝ። አልመጣችም አልኩት። ድምፄ ላይ ደስታ ሳይሰማ አልቀረም መሰለኝ። ስልኩን ዘግቼ የፀዲን እጅ ልይዝ ስል ፀዲ የለችም።

ግድግዳውን ይዤ ሮጥኩ። ስሟን ጠራሁ። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ልጅ አላያችሁም እያልኩ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ፤ ያ ሁሉ ቀለም ሰማያዊ ብቻ ሆነብኝ። እዚያ የነበረ የጥበቃ ሠራተኛ ተረጋጊ ቢለኝም መጣራቴን አላቆምኩም። ምን እንዳሰብኩ መቼም አይጠፋሽም። “ወሰደቻት” አልኩ፤ ለካ ጮክ ብዬ ኖሯል። ጥበቃው ማን ናት የወሰደቻት ብሎ ሬዲዮኑን ወደ አፉ አስጠጋ። ስምሽ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ያኔ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በምን ፊቴ እጽፍልሽ ነበር?

ወዲያው ወፏ ካለችበት በኩል፣ ከሰዉ መሃል፣ ፀዲ እየሮጠች መጣች። ኮፍያዋን በእጇ ይዛለች። ተንበርክኬ አቀፍኳት፤ ልመታትም ቃጥቶኝ ነበር።

እንዲህ ብላ አወራችኝ። ወፏን ልትነካ ብትንጠራራ አልደረሰችም። አንዲት ሴትዮ መጥታ ብብቷን ይዛ ወደ ላይ አነሳቻትና የወፏን ዓይን አስነካቻት። ዓይኗ መስታወት ነው እማ፣ አለችኝ። ሴትዮዋ ኮፍያዋን አውልቃ ሹሩባዋን በጣቷ እየዳበሰች ማን ነው የሠራሽ አለቻት። እማ፣ አለቻት። ጎበዝ እናት አለችሽ አለቻትና አንገቷ ሥር ሳመቻት። የእኔ ጥሪ ሲሰማ መሬት ላይ አወረደቻት፤ በሰዉ መሃል እኔን በጣቷ እያሳየች፣

“ያቻትልሽ እናትሽ። እየፈለገችሽ ነው፣ ሩጪ” አለቻት።

ቀና ብዬ አየሁ። ጀርባዋን ሰጥታ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ አንዲት ሴት ነበረች። ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ሰዉ ዋጣት።

ማን እንደነበረች አልጠይቅሽም። ቢጫ ያልለበሰች፣ ኮፍያ የደፋች አንዲት ልጅ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እንዴት እንደተለየች ግን ሳስበው ነው የሰነበትኩት።

ስንመለስ ፀዲ ጭኔ ላይ ሆና ሴትዮዋ ለምን አለቀሰች አለችኝ። ፀሐይ ዓይኗን ወግቷት ነው አልኳት። ፀሐይ እኮ አልነበረም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ባሰኛት ጊዜ ታነሳዋለች። ትናንት እራት ላይ ስትጠይቀኝ ዱባለ እንጀራውን አስቀመጠና፣

“ቤት ለምን አትመጣም?” አለኝ። ስለ ማን እንዳለው ሁለታችንም አውቀናል።

አልዋሽሽም፣ ፍርሃቴ አለቀ አልልሽም። አሁንም በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። የስልክሽ መዘጋት ግን ከዚያ ይበልጥ ያስፈራኛል። በዚያ ሰው መሃል ብቻሽን ምን ሆነሽ እንደሄድሽ፣ አሁንስ ምን ሆነሽ እንዳለሽ አላውቅም። እባክሽ ክፈችው። ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንም ቤት ነን፤ ቤቱ ያው የድሮው ነው፣ ያንኑ መንገድ ይዘሽ ነይ። ለፀዲ ጥያቄ እኔ ከፀሐይ ሌላ መልስ አላገኘሁም። ነይና አንቺው ንገሪያት።

የአብርሃም አምላክ ልብሽን ያሳርፈው፣ ደጃችንን ለእግርሽ ያቅናው።

ከልጃችን ጋር የምትጠብቅሽ
እህትሽ