ያልጠረጠርኩት አንቀጽ

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ገበያ ቀን ሆኖ ሁለት ሰው ብቻ። አንድ የቤት ኪራይ ውል፣ አንድ ማመልከቻ። ድሮ እንዲህ ባለው ቀን ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ወረፋው እስከ ወፍጮ ቤቱ ይደርስ ነበር። አሁን ወረፋው ማዶ ነው... ሕሊና ሱቅ። ልጅቷ ጎንደር ተምራ መጥታ፣ አምና ነው የከፈተችው። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። ስም ትጠይቃለች፣ ትጫናለች፣ ውል ይወጣል። ሰውየው ያዘዘው ሻይ ሳይቀዘቅዝ።

እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ደባርቅ ላይ ውል የጻፍኩ ሰው ነኝ። አንድ የመሬት ውል ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ሰዎቹን አያቸዋለሁ። ማን ማንን ይፈራል? ማን ቸኩሏል? ማሽን ይኸን በምን ዓይኑ ያየዋል?

ቅናት አይደለም። ለራሴ ነው የምጽፈው መቼም... ትንሽ ቅናትም አለበት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ማዶ ተሻገርኩ። ልፈትናት ብዬ። «ፈረሴን ለሦስት ወር ላከራይ ነው፣ ውል አውጪልኝ» አልኳት። ጻፈች፣ ጻፈች... ማሽኑ የሰሌዳ ቁጥር ጠየቀ። የፈረሱን።

«ጋሼ፣ የመኪና ኪራይ ቅጽ ላይ ነው የገባሁት። የከብት ገና አልተዘጋጀም» አለች ፊቷ ቀላ ብሎ።

ቤት እስክገባ ስስቅ ነው የሄድኩት። ለባለቤቴ ለዝናሽ ስነግራት አልሳቀችም። «ልጅቷ ገና ጀማሪ ናት፣ ምን ያስቃል?» አለችኝ። ዝናሽ ከመቼ ወዲህ ነው ለሕሊና ጠበቃ የቆመችው?

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

አንድ የዳባት ሰው ከሕሊና ሱቅ ያወጣውን የመሬት ኪራይ ውል ይዞ መጣ። «አያ ላቀው፣ ይችን እስቲ እይልኝ። የማሽን ነገር ልቤ አላመነውም» አለ። ደስ አለኝ፣ ምን ይዋሻል። ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ስሞቹ ልክ። አዋሳኞቹ በአራቱም ማዕዘን ልክ። ምስክሮቹም ልክ። ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«ከተዋዋዮቹ አንዱ የውሉ ዘመን ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ቃሉን ካላሰማ፣ ውሉ ባለበት ጸንቶ ለሦስት ዓመት ይቀጥላል።»

ይኸ የእኔ ነው። ከመጽሐፍ አልቀዳሁትም፣ ከሌላ ጸሐፊም አልወሰድኩትም። ሥራ በጀመርኩ ዓመት፣ ሁለት አማቾች ውላቸው ማለቁን ረስተው እርሻ ላይ ሊጋደሉ ሲሉ ለእነሱ ብዬ ያወጣሁት ነው። ከዚያ ወዲህ ከውል ወደ ውል ስገለብጠው ኖርኩ። የልጅቷ ማሽን ውስጥ ምን ይሠራል?

ሰውየውን «ደህና ነው» ብዬ ሸኘሁት። የገዛ ቃሌን ስህተት ነው ልበለው?

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ማን ሰጣት? የጻፍኩት ውል ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ቤቴ ነው፣ ሁለት የቆርቆሮ ሳጥን ሙሉ። ሙሌ ይሆን? አጥር ሥር አጠገቤ የሚጽፈው ሙሌ። ሰሞኑን አዲስ ስልክ ይዟል። ከየት አመጣው?... ሁለት ቀን ሆነኝ ሰላም ካልኩት።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ሙሌ አይደለም። ዝናሽ ናት።

ሳጥኑን ስከፍት ወረቀቶቹ በዓመት በዓመታቸው ተደርድረዋል። እኔ እንዲህ ደርድሬ አላውቅም። ስጠይቃት ከቅቤ መንጠሯ ቀና ሳትል «እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለች። ካቻምና ክረምት ጎንደር ሄጄ ሳለ ጣሪያው አፍስሶ ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ገብቶ ኖሯል። ሕሊና መጥታ አብራት አደረቀች። እግረ መንገዷን አንድ በአንድ በስልኳ አነሳችው።

«የሰው ምስጢር እኮ ነው» አልኳት።

«ሻጋታ ሊበላው የነበረ ምስጢር» አለች። «ስትሞት ማን ሊያነበው ኖሯል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቆጣለህ ብዬ።»

ተቆጣሁ። ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ማዶ ሄድኩ። ሕሊና ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ጋሼ፣ የሰዎቹን ስም አውጥቼ ነው ቃሉን ለማሽኑ እንደ ናሙና የሰጠሁት። በዚህ አገር ከርስዎ የተሻለ ውል የሚጽፍ አጣሁ» አለችኝ። ይዤ የሄድኩት ስድብ አፌ ላይ ቀረ። ተመስግኖ እንዴት ይሰደባል?

አንድ ነገር ግን ሳልነግራት ተመለስኩ። ስድስተኛው አንቀጽ ብቻውን አይሄድም። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ባለችው ቅዳሜ ገበያውን እዞራለሁ። ውሉ ሊያልቅ የቀረበውን ሰው ሁሉ «ይቀጥል ወይስ ይብቃ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ይብቃ» ካለ፣ ሌላውን ተዋዋይ ከገበያ ሳይወጣ ፈልጌ አፍ ለአፍ አገናኛቸዋለሁ። ወረቀት ላይ ጽፌው አላውቅም፣ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው። ማሽኑ ግን ያየው ወረቀቱን ነው።

ልንገራት? ዐዋቂ ነኝ ካለች ራሷ ትጠይቅ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ዞርኩ። ዘንድሮ አሥራ አራት ሰው። ዘጠኙ ይቀጥል፣ አምስቱ ይብቃ።

ድንች ተራ ገበያነሽን አገኘኋት። ከቡይት ራስ በታች ሁለት ጥማድ መሬት ያላት፣ ባሏ የሞተባት። ድሮ ደንበኛዬ ነበረች፣ አምና ግን መሬቷን ለያርጋል ስታከራይ ማዶ ሄዳ ነው የተዋዋለችው። ፊቷ በርቷል።

«አያ ላቀው፣ ልጄ ከነባሏ ከመተማ ተመለሰችልኝ። እንግዲህ መሬቴን ራሳችን ልናርስ ነው። የያርጋልም ዓመት ከየካቲት አያልፍም፣ አይደል?»

ምን ማለት እንዳለብኝ አውቄ ነበር። «ዛሬውኑ ያርጋልን ጥሪና ይብቃ በይው፣ ጥር ሳያልቅ።» ይኸው ነበር። ምላሴ ላይ ነበር።

«ወረቀትሽ እኔ ዘንድ የለም። ማዶ ጠይቂ» አልኳት። እሺ ብላ፣ ጥሩ ጥሩውን ድንች መርጣ ሰፈረችልኝ።

ማሽኑ ይንገራት። ውል መጻፍ ከቻለ መንገርም ይቻል።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ገበያነሽ መጣች፣ ልጇን አስከትላ። ያርጋል አልለቅም ብሏል። ወረቀቱ ሦስት ዓመት ይለኛል ነው የሚለው። የዚያን ቅዳሜ ማዶ ሄዳ ኖሯል፣ መብራት ጠፍቶ ሱቁ ዝግ ሆነባት። ጥር አለቀ።

«እስቲ ምን እንደሚል አንብብልኝ» አለች። ስድስተኛውን አነበብኩላት።

«እኔ ይኸን መቼ አልኩ?» አለች።

ልጇ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። የመተማ ቤታቸውን ሸጠው ነው የመጡት። መሬቱ ከሌለ የት ይገባሉ?

«ማሽኑ ነው» አልኩ። እንዲህ ብዬ ነው የመለስኩላት። ማሽኑ ነው።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ከተማው ያወራው ጀመር። ማሽን የመበለት መሬት ወሰደ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰው ወደ እኔ መጣ። ሁለቱ ቀጥታ ከሕሊና አግዳሚ ተነሥተው። ይኸን ቀን ስመኝ አልነበር?

የካቲት 6፣ ዓርብ

ሕሊና ተሻግራ መጣች፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ስድስተኛው አንቀጽ ከ1991 ጀምሮ የርስዎ ውሎች ሁሉ ላይ አለ። በርስዎ እጅ ሰው ሳይጎዳ እንዴት ቀረ? እኔ የጎደለኝ ምንድን ነው?»

ልታጠምደኝ ይሆን? ድምፄን እየቀዳች? ስልኳን አየሁት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

«ዕድል ነው» አልኳት።

«በዚህ ሁሉ ውል ላይ ዕድል?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ተነሥታ ሄደች። ሱቋን ከቀትር በኋላ አልከፈተችውም።

የካቲት 8፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ቀበሌው ግቢ ሽምግልና ተቀመጡ። አባ ገብረ ኪዳን መሐል፣ ሁለት ሽማግሌ ግራና ቀኝ። ያርጋል ክፉ ሰው አይደለም። ዘር ገዝቷል፣ አጥሩን አድሷል። ወረቀቱን ዘርግቶ ቆመ።

አባ ገብረ ኪዳን ቀስ ብለው፣ «ልጄ ሕሊና፣ ይህችን ቃል ከወዴት አመጣሻት?» አሉ።

አየችኝ። ስሜን ግን አልጠራችም። «ከዚህ አገር ውሎች ነው አባ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልጠይቅ አስገባሁት» አለች።

እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ አልቆ ነበር። ሱቋ ይዘጋል፣ ወረፋው ይመለሳል። መሬቱ ግን ከያርጋል ጋር ይቀራል። ተነሣሁ።

«አባ፣ ቃሉ የኔ ነው። እኔ ስጽፈው ግን ቅዳሜዋ አብራው አለች» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ያርጋል ዞርኩ። «በወንድምህ ውል ጊዜ በእሱ ፈንታ አንተን ሁለት ዓመት ገበያ ላይ አልጠየቅሁህም?»

ያርጋል የዘረጋውን ወረቀት አጠፈ። «ጠይቀኸኛል» አለ። «ዘንድሮ ስታልፈኝ ገርሞኛል። ከረሳችሁት እኔ ምን አስታወሰኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

አባ ገብረ ኪዳን፣ «እንግዲያውስ ባገሩ ልማድ ሳይጠየቅ የጸና የለም። መሬቱ ለባለቤቷ ይመለስ፣ ዘሩንም ገበያነሽ በተገዛበት ዋጋ ትረከበው» ብለው ፈረዱ። ያርጋል እሺ አለ።

በሩ ላይ ገበያነሽ ጠበቀችኝ። «ድንች ስሰፍርልህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንዲህ ነህ እንዴ ላቀው» አለች። አያ አላለችኝም። አፈርኩ።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ማንም አልመጣም። ማዶም ጥቂት ሰው ነው። ሙሌ ሻይ ጋበዘኝ። እሱንም ይቅርታ አልጠየቅሁትም ለካ... ጠየቅሁት። በምን እንደሆነ አላወቀም።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ሕሊና ጋ ዋልኩ። ስድስተኛውን አንቀጽ ከማሽኑ አወጣችው። ባንድ ጣት ተጭና። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት አቅፌው የኖርኩትን።

አሁን ደግሞ ውሉ ሊያልቅ ሲል ለሁለቱም ወገን መልእክት በስልክ እንዲደርስ ታደርገዋለች። ጠረጠርኩ እንጂ። ስልክ የሌለውስ? ማንበብ የማይችልስ? «የእነሱን ስም ለርስዎ አወጣልዎታለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይነግሯቸዋል» አለች። ደህና አስባበታለች።

ከዚያ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ጥር ላይ ያልነበሩበት ዓመት የለም?»

«የለም» አልኩ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ትዝ አለኝ። 2013። የሐሞት ጠጠር ይዞኝ ጎንደር ጥርን በሙሉ የተኛሁበት። በዚያ ዓመት ማን ነገራቸው?

የካቲት 19፣ ሐሙስ

ጧት ለሕሊና ነገርኳት። ማሽኑ በዓመት ለይቶ አወጣው። በ2013 የካቲት ያልቁ የነበሩ ሰባት ውሎች። አራቱን ዛሬውኑ ጠየቅሁ፣ ተስማምተው ነው የቀጠሉት፣ እውነት ይመስላል። ሁለቱ ሞተዋል። ልጆቻቸውን ልጠይቅ?... እጠይቃለሁ። ሰባተኛው እንግዳው የሚሉት ሰው ነው። ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር፣ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ የሚጭነው። እግሩ በተሰበረ ጊዜ የመሬቱን ኪራይ ውል የጻፍኩለት እኔ ነበርኩ።

እንግዳው መቼ ነው በቅሎ መጫን የጀመረው?

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

በጭነት አይሱዙ ተሳፍሬ ሳንቃ በር ወጣሁ። እንግዳው በቅሎውን ሲያራግፍ አገኘሁት። ሲያየኝ ደነገጠ፣ ሰው የሞተበት መስሎት። የመጣሁበትን ነገርኩት። ጭነቱን አውርዶ ከጨረሰ በኋላ ነገረኝ።

እግሩ ድኖ ሊያርስ ሲሄድ ነው «ወረቀቱ ሌላ ሦስት ዓመት ይላል» የተባለው። በሬ ያለ መሬት ምን ያደርግለታል? ሁለቱን ሸጦ በቅሎ ገዛ። መሬቱ ሲመለስለት በሬ የለውም። ይኸው እስከ ዛሬ። እኔ ደግሞ ባገኘሁት ቁጥር «አንተ ፈረንጅ ወዳድ፣ እርሻ ጠልተህ» እያልኩ ስቀልድበት ኖሬአለሁ። አብሮኝ ይስቅ ነበር።

«ደባርቅ በየሳምንቱ ትመጣለህ። ምነው አንድ ቀን መጥተህ ብትጠይቀኝ?» አልኩት።

«የጻፍከው አንተ ነህ» አለ። «ያንተን ወረቀት እንዴት ብዬ እጠረጥራለሁ?»

ለበቅሎው ውሃ ሊያመጣ ሲነሣ ባልዲውን ተቀብዬው አብሬው ወረድኩ።