ኸሊፋን ያስማልኩበት ሲዲ ማጫወቻ

መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 17 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጄ ለአየሁሽ ስንሻው
ዱባይ

ልጄ አየሁሽ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እንዳየሽን አለን። እናትሽ ደህና ናት፤ ሁለቱ ፍየሎች ወልደዋል፤ የሰሊጡ አጨዳ አልቆ አጫጆቹ ወደየደጋቸው ተመልሰዋል። እኔም ደህና ነኝ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ወጉ እንደዚያ ነውና። ግን ተናድጃለሁ። ይኸው ስምንት ቀኔ። በስልክ እንዳልነግርሽ ስልክ ጠላሁ፤ ስለዚህ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩን ዘግቼ መጻፍ ጀመርኩ። እናትሽ ሁለት ጊዜ ሳታንኳኳ አልቀረችም፤ በሩ ሲነቃነቅ አይቻለሁ።

የላክሽው ሲዲ ማጫወቻ ደርሷል። ጥሩ ማሽን ነው ይላሉ። «ይላሉ» ማለቴን ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ ግን ልጠይቅሽ፤ ዕቃውን በኸሊፋ በኩል ለምን ላክሽው? ምን ብለሽ እንደምትመልሺ አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከውጭ የመጣልን ነገር ሁሉ ያለፈው ከድልድዩ ማዶ፣ ገላባት ባለው የኸሊፋ መጠገኛ ሱቅ ነው፤ የእናትሽ የስኳር መድኃኒት በዚያ፣ ያንቺ ሻንጣ በዚያ። ከኸሊፋ ጋር መጣላታችንን አልነገርኩሽም። ብነግርሽ «አባዬ፣ ምን አደረግህ?» ትይኝ ነበር። ያንን ጥያቄ ፈርቼ ዝም አልኩ። እንግዲህ አሁን አንብቢው።

አሮጌው ማሽን እንዴት እጃችን እንደገባ ላንቺ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው፤ ንዴቴ ግን ከዚያ ስለሚጀምር ልድገመው። በ1987 አብደራፊ እርሻ ላይ የነበረው ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲገባ ማጫወቻውን፣ አምፕሊፋየሩንና ደረቴ የሚደርሱትን ሁለት ስፒከሮች ለኔ ትቶ ሄደ። የሚፈልጉት ሹማምንት ሞልተው ነበር። «ይሄ ዕቃ የሚገባው ጆሮ ላለው ሰው ነው» አላቸው። ልክ ነበር። ከአብደራፊ እስከ ገለጉ ድምፁ የተለወጠ ትራክተር ሁሉ የሚጎተተው ወደኔ ነበር። ካቻቢቴዬን ሞተሩ ላይ አቁሜ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ደግፌ «ሦስተኛው ኩሽኔታ ተበልቷል» እላለሁ፤ ሲፈቱት ሦስተኛው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሚያጓራ ሞተር ጎን ቆሜ አንድ ቀን አልተሳሳትኩም። ስንሻው ጆሮ ያሉኝ ለዚህ ነው። ደብዳቤ ስጽፍልሽም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ነው የፈረምኩት።

ያቺን የክራር ሲዲ ታስታውሻለሽ። አራተኛው ዘፈን ላይ፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት፣ ክራር መቺው ትንፋሽ ይስባል፤ ከዚያ ቀጭኗን ክር ብቻዋን በጥፍሩ ጫፍ ነካ ያደርጋታል። በሰው ቤት ማጫወቻ ያቺ ድምፅ የለችም። በኛ ነበረች። አንቺና የኸሊፋ ልጅ መጂዳ ምንጣፉ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ክሯ ስትነካ ጣት ታነሳላችሁ፤ ቀድማ ያነሳች ኸሊፋ ያመጣውን ተምር ትበላለች። እኔና እርሱም ሽበታችንን ይዘን ጣት እናነሳ ነበር። የቅዳሜ ከሰዓት ሥርዓታችን ያ ነበር።

ማሽኑ ግን አረጀ። የዚህ አገር አቧራና ሙቀት እንኳን ለብረት ለሰውም አይራራም። መሳቢያው ይነክሳል፣ ሲዲው ይዘላል፤ ባለፈው ግንቦት ጭራሽ ዝም አለ። ኸሊፋ ተሸክሞ ወሰደው። የመሳቢያው ጎማ ከካርቱም እስኪመጣ ክረምቱ አለፈ፤ ለመስቀል መለሰልኝ። መሳቢያው ቅቤ እንደተቀባ ይወጣል፣ ይገባል፤ መዝለሉም ቀርቷል። ደስ ብሎኝ አራተኛውን ዘፈን ከፈትኩ። ትንፋሹ የለም። ክሯም የለችም። ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። ቀና ብዬ ኸሊፋን አየሁት፤ ፈገግ ብሎ ጣቱን አንስቷል። ዓይን ያወጣ ሌባ ማለት ይሄ ነው አልኩ በልቤ።

«ሌንሱን አውጥተህ ሌላ ከተህበታል» አልኩት። የማሽኑ ዓይን ሌንሱ ነው፤ የዚያ ዓይነቱ ዛሬ ቢፈልጉትም አይገኝም፤ ስለዚህ የሚሰረቅ ነገር ካለ እርሱ ነው። መጀመሪያ ሳቀ። «ያ ስንሻው፣ በጥጥ ጠረግሁት እንጂ ከቦታው አላነቃነቅሁትም» አለ። ሳቁ ይበልጥ አበገነኝ። ትንፋሹስ? ክሯስ? እያልኩ ጮህኩ። «አለች እኮ! አሁን አልፋ ሄደች!» አለኝ። ያሾፍብኛል ብዬ ከቤቴ አስወጣሁት።

ነገሩን ሽማግሌ ፊት አደረስኩት። ከኛ ወገን አባ አዛናው፣ ከገላባት ወገን አንድ ሼህ ተቀመጡ። አባ አዛናው መከሩኝ። «ስንሻው፣ ለዕቃ ብለህ ሰው አታስምል። በሐሰት የማለ ዕዳው የራሱ ነው፤ ንጹሕ ሰው ቢምል ግን ዕዳው ያስማለው ሰው ነው» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ይማልልኝ አልኩ። በጾም ቀን ፉል ከአንድ ሳህን አብሬው የበላሁትን ሰው፣ አንቺ ወባ ይዞሽ ስትቃዢ በጀርባው አዝሎ ጤና ጣቢያ ያደረሰሽን ሰው፣ ይማልልኝ አልኩ።

ኸሊፋ እጁንና እግሩን ታጠበ፤ በመስጊዱ ቅጥር ሕዝብ እያየው እጁን ቁርኣን ላይ ጭኖ ማለ። ከዚያ ወደኔ መጣ። «ወላሂ ብያለሁ። ሥርዓቱ ነውና አሁን ልታምነኝ ግድ ነው። ኸላስ። ከዛሬ ወዲያ ግን ውሃህን አልጠጣም፤ ዕቃህንም አልነካም» አለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው። አሁን ሳስበው ለኔ ሲናገር ሁልጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። እኔም ሰው ፊት «አምኛለሁ» አልኩ፤ በውስጤ ግን «በሐሰት ማለ» እያልኩ ወደ ቤቴ ገባሁ። ወሬው ግን ቤቱ አልገባም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከመተማ ወደ ኸሊፋ ሱቅ ሬዲዮ ይዞ የሚሻገር ሰው ጠፋ። የማለ እጅ ነው፣ ማን ይመነው!

ላንቺ የደወልኩልሽ በማግስቱ ነው። ማሽኑ ሞቷል፣ ሌላ ላኪ አልኩሽ። ያኔም ተጣላን። ድምፅሽን ለምን ትደብቂኛለሽ፣ በአባትሽ ታፍሪያለሽ ወይ ብዬ ጮህኩብሽ። መስመሩ ነው አልሽ መሰለኝ።

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ መጂዳ ካርቶንሽን ተሸክማ ድልድዩን ተሻግራ መጣች። አስተማሪ ሆናለች፤ ቁመቷ አባቷን በልጧል። «አባቴ አደራ ከጸብ በላይ ነው፣ አድርሺ ብሎኝ ነው» አለች። በሩ ላይ አስቀምጠሽ ሂጂ ልላት ነበር፤ እናትሽ ቀድማ እጇን ይዛ አስገባቻት። «አሚ ስንሻው፣ ልግጠምልዎት?» አለች፤ ዛሬም አጎቴ ለማለት «አሚ» ነው የምትለኝ። እጇ እንደ አባቷ ነው፤ ካርቶኑን ከፈተች፣ ገመዱን አገናኘች። ሲዲውን አስገባሁ፣ አራተኛውን።

ምንም። ብርድ ልብሱ እንዳለ ነው።

ደሜ ፈላ። «ይሄንንም አባትሽ ከፍቶታል!» ብዬ ጮህኩባት።  ማሸጊያውን ከመሬት አንስታ አሳየችኝ፤ እኔው ፊት በገዛ እጇ የቀደደችው ነው። እንግዲያው አሮጌውን ግጠሚውና ያባትሽን ሥራ ላሳይሽ አልኳት። ላሳይሽ አልኳት እኮ!

አሮጌውን ገጠመችው። ዘፈኑ ሲጀምር ሳታስበው ነው መሰለኝ እንደ ልጅነቷ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ፊቷን አያለሁ። ጣቷን አነሳች። ዞር ስል እናትሽ ሽንኩርት እየላጠች በሩ ላይ ቆማለች፤ ቢላዋውን እንደያዘች እርሷም ጣቷን አንስታለች። አንዷ ሌላዋን አላየችም። አዲሱን ግጠሚ አልኩ፤ ሁለቱም በዚያችው ቦታ እኩል አነሱ። እንደገና አሮጌውን አልኩ፤ እንደገና አነሱ። የኔ ጣት ጉልበቴ ላይ እንደተጋደመ ቀረ። መጂዳ ዓይኗን ስትገልጥ እያየኋት መሆኔን አየች። «አሚ…» አለች። ምን ብላ እንደቀጠለች አላውቅም። ውጪልኝ አልኳት። ከአንቺ ጋር ያሳደግኋትን ልጅ!

እንግዲህ ንዴቴ ከዚህ ላይ ነው። እናትሽን «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። አጠገቤ መጥታ፣ አፏን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ «ከካቻምና» አለችኝ። ካቻምና! ለምን አልነገርሽኝም ስላት «ስምህን የሚያፈርስ ቃል ከኔ አፍ እንዴት ይውጣ?» ብላ አለቀሰች። ለቅሶዋም አናደደኝ። የጤና ጣቢያዋ ድንቅነሽም ታውቅ ኖሯል፤ ጆሮህን ልየው፣ ልየው ስትለኝ የከረመችው ለዚህ ነው። አንቺስ? ለፋሲካ መጥተሽ ሳለ ቴሌቪዥኑን ከፍ ሳደርገው ከእናትሽ ጋር ስትተያዩ አይቻለሁ። ዓይኔ እንኳ ጤነኛ ነው። ታውቂ ነበር። እያወቅሽ ነው ማሽን የላክሽልኝ! ከምትሠሪበት ሱቅ ምርጡን ከምትመርጪልኝ እውነቱን ብትነግሪኝ ኖሮ አንድ ንጹሕ ሰው ሕዝብ ፊት አይምልም ነበር። አዝናችሁልኝ ነው፣ ይገባኛል። እንዲህ ያለ ሐዘኔታ ይቅርብኝ! በሐዘኔታችሁ ሸፋፍናችሁ ሰው አስበደላችሁኝ።

ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩ። ደግሜ ሳነበው የሚያሳፍረኝ ነገር አገኘሁበት። ኸሊፋ እኮ ጣቱን አንስቶ አሳይቶኛል። አባ አዛናውም አታስምል ብለውኛል። እናንተ ዝም ብትሉ እነርሱ ዝም አላሉም። ሠላሳ ዓመት የሰው ሞተር ምን እንደጎደለው ስናገር ኖሬ፣ የራሴ ሲጎድል ጥፋቱን በጓደኛዬ ላይ ለጠፍኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል እንዲህ ነው። አሁንም በአንቺ ተናድጃለሁ፤ በራሴ የተናደድኩትን ያህል ግን አይደለም።

ነገ ሰኞ ጠዋት ድልድዩን እሻገራለሁ። አባ አዛናውን ለምኛቸዋለሁ፤ ከፊት ይሄዳሉ። በኛ ወግ በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ የተበደለው ሰው «ጣለው» እስኪለው ይቆማል። እኔ ድንጋይ አልፈልግም፤ አሮጌውን ማሽን ነው የምሸከመው። ክብደቱን ታውቂዋለሽ። ኸሊፋ በማለበት ቅጥር፣ ያው ሕዝብ እያየኝ፣ «የማለው እውነት ነው፤ ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም» ብዬ እናገራለሁ። ይቅር ቢለኝም ባይለኝም ማሽኑን እዚያው ትቼለት እመለሳለሁ፤ ያቺን ክር የሚሰማት ሰው ቤት ይኑር። እናትሽም አብራኝ ትሄዳለች። አጎንብሼ ፊቱን ስለማላየው፣ ኸሊፋ «ጣለው» ያለኝ እንደሆን ትከሻዬን እንድትነካኝ ነግሬያታለሁ። ካልነካችኝ ቆሜ እቆያለሁ።

አዲሱ ለእናትሽ ይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት ትክፈተው፤ እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ጣቷን አያለሁ።

አሠሪዎችሽ ክፉ አይናገሩሽ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ፣ የወጣሽበት መንገድ በሰላም ይመልስሽ። የተቆጣሁት ይለፍ፤ የመረቅሁት ግን ይጽናልሽ።

አባትሽ
ስንሻው