ለጃንዋሪ ቁጥር ሦስት ቀን ላስጾሙን ሰብሳቢ

ለተከበሩ ወንድም ማናሴ፣
የቤተ ክርስቲያናችን የሥራ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና መላው ቤተሰብዎ እንዴት ከርማችኋል? ድምፅዎ ያው እንደ ወትሮው ከመድረክ እስከ ውጭው በር ስለሚሰማ የጉሮሮዎን ጤንነት አልጠይቅም። እኔ ኮዝሞ ሲቲ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያለችኝ በለጥሽ ነኝ። ልጄን ፀሎትን በደንብ ያውቋታል፤ በዲሴምበር እጇን ይዘው ወደ መድረክ ያወጧት እርስዎ ነዎት።

በቅድሚያ ምስጋና ይድረስዎ። በወሩ ስንት ሰው ሥራ እንደያዘ የሚለውን የመንግሥት ቁጥር ከኢንተርኔት አውርዶ በየወሩ ከመድረክ የሚያነብ አገልጋይ እንኳን ጆሃንስበርግ የትም አይገኝም። ቁጥሩ ከፍ ሲል የምስጋና መዝሙር፣ ዝቅ ሲል ጾም ያውጁልናል፤ እኛም ከሱቅ በቀር የማናውቅ ሰዎች ነንና አሜን ስንል ኖረናል። ቅሬታዬንም በቁጥር አድርጌዋለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ።

አንደኛ፦ በዲሴምበር የኖቬምበርን ቁጥር ሲያነቡልን ብዙ ሺህ ሰው ሥራ ገባ፣ የሥራ በር ተከፈተ ብለው አወጁ። ልጄ በዚያው በኖቬምበር ሚድራንድ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሻጊ ሆና ተቀጥራ ስለነበር የቁጥሩ ማስረጃ አድርገው አስመሰከሯት። ከወረቀቱ ግርጌ ግን በደቃቅ ፊደል የወቅት ማስተካከያ አልተደረገበትም የሚል መስመር ነበረ፤ እዚያ ሳይደርሱ መዝሙሩ ቢቀድምዎ አልፈርድብዎትም። መስመሩ የሚለው ቀላል ነገር ነው፤ ለገና ሽያጭ የተቀጠረው ሁሉ አብሮ ተቆጥሯል፣ ገና ሲያልፍ ይበተናል፣ ስለዚህ ኖቬምበርን ከአምናው ኖቬምበር ጋር እንጂ ከኦክቶበር ጋር አታወዳድሩ ነው። ሱቅ ያለው ሰው ይህን አያጣውም። እርስዎም ዛንድስፕሩት ሱቅ አለዎት፤ በጃንዋሪ የለስላሳው ገበያ ሲቀዘቅዝ ፍሪጁን አስጸልየውለት ያውቃሉ? አገር ቤትስ ለአጨዳ ደቦ የወጣውን ሰው ቆጥሮ ገበሬው ሠላሳ ሎሌ ቀጠረ የሚል ማን አለ?

ሁለተኛ፦ የልጄ ውል በጃንዋሪ ዘጠኝ አለቀ። የእሷ ብቻ አይደለም፣ ፈረቃው እንዳለ ተሰናበተ። እርስዎ ግን በፌብሩዋሪ የጃንዋሪውን ቁጥር አንብበው፣ በወጣቶቻችን መካከል በረከት የሚያባርር ነገር አለ አሉና ሦስት ቀን አስጾሙን። ጾሙስ እሺ፣ ለሰውነትም ጥሩ ነው ይባላል። ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ቤቴ መጥተው ልጅቱ ምን ደብቃ እንደሆነ ጠይቀውኛል። የመዘምራን ኃላፊዋ እህት ፍሬገነትም ነገሩ እስኪጠራ ከመዝሙር እንድታርፍ አድርጋታለች። ጀፕስታውን ከጅምላ ገበያው ዕቃ ላወጣ ስሄድ ሳይቀር ነጋዴው ከሰላምታ በፊት ስለ ልጄ ይጠይቀኛል። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ወንድም ማናሴ። ሰው እንዳያያት ብላ ሥራ ፍለጋ እንኳ መውጣት ትታለች፤ ምን አጥፍታ እንደሆነ ደግሞ እኔን ትጠይቀኛለች። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ያን የምስክርነት ዕለት ስታመነታ ገፍቼ ያስነሳኋት እኔ ነኝ፤ እልልታውንም ያቀለጥሁት እኔ ነኝ። ጎጎ የምንላት የሰፈሩ አሮጊት ደንበኛዬ በዚያው ሰሞን፣ የእሷም ልጆች በዲሴምበር ተቀጥረው በጃንዋሪ ተሰናብተው እንደሚመለሱና ይህ በየዓመቱ እንደሆነ ነግራኝ ነበር። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ምን ታውቃለች ብዬ ናቅኋት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በመጪው እሑድ፣ በዚያው መድረክ፣ በዚያው ድምፅዎ፣ ያቺን ደቃቅ መስመር ያንብቡልንና ፀሎት ምንም እንዳላጠፋች ይናገሩ። የቁጥሩ ንባብ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህኛው አንድ ደቂቃም አይሞላም።

አገልግሎትዎ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር እንዲሰምር የምትመኝ፣ ጾሙን ጨርሳ አሜኑን ያቆመች፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምትነሳ እህትዎ፣

በለጥሽ
ኮዝሞ ሲቲ፣ የካቲት 2017

ተጨማሪ፦ ልጅዎ ኖላዊ ከዚያው መጋዘን በዚያው ቀን ተሰናብቷል። በየጠዋቱ ምሳውን ቋጥራችሁለት ወደ ሥራ የምትሸኙት ይህ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ የሚውለው እኔ ሱቅ ጓሮ ነው። ስሙን እንድጠራ ፈቅዶልኛል፤ እንዲያውም የለመነኝ እሱ ነው። ሥራ ማጣቱንስ ችሎታል፤ ፊት ለፊት ያልነገረዎት እርስዎን ፈርቶ ነው።