አፍ በማይንቀሳቀስበት ሰዓት ስለሚሰጥ ማብራሪያ

ለተከበሩ የቆዳ ውበት ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመላው ሠራተኞችዎ ሙሉ ጤንነትን፣ በተለይም የፊት ቆዳ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የልብስ ስፌት መምህርት ስሆን፣ ባለፈው ሳምንት ሰኞ የሞተ ቆዳዬን በክሊኒክዎ በአሲድ ያስነሣሁ ደንበኛዎ ነኝ። ልጄ ከስድስት ዓመት በኋላ ከውጭ አገር ለአሥር ቀን ፈቃድ ሊመጣ ስለነበር፣ ማርጀቴን አይቶ ልቡ እንዳይሰበር ብዬ ነው። ምስጋናዬን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እንግዳ ተቀባይዋ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ መመለስ እንደሚቻል ስላረጋገጠችልኝ አመሰግናለሁ። የትኛው ሥራ እንደሆነ አለመጠየቄ የራሴ ጥፋት ነው። በሦስተኛው ቀን ፊቴ እንደ አሮጌ የግድግዳ ቀለም ሲረግፍ፣ ሰው ፊት የማያስቀርብ ሥራ ማለቷ እንደነበር ገባኝ።

ሁለተኛ፣ ባለሙያዋ ቆዳው እንደሚቀላ፣ እንደሚያብጥና እንደሚላጥ፣ ፀሐይም ክልክል እንደሆነ አንድ ሳታስቀር አስረድታኛለች፤ ያስረዳችኝ ግን አሲዱን ቀብታ ፊቴን፣ በተለይም አፌን፣ ንቅንቅ እንዳላደርግ ካስጠነቀቀችኝ በኋላ ነበር። ቀጥላም ጥያቄ እንዳለኝ ጠየቀችኝና ዝም ስል ቅጹ ላይ «ጥያቄ የላትም» ብላ ሞላች። ጥያቄስ ነበረኝ፤ ልጄ ከአራት ቀን በኋላ እንደሚገባ ልነግራት ነበር። እጄን ባነሣ ያቃጠለኝ መስሏት ማራገቢያውን አስጠጋችልኝ።

ሦስተኛ፣ ከክሬሙ ጋር ከረጢቱ ሥር ያስቀመጣችሁልኝን ወረቀት ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። ፊት ወደ ቦታው ለመመለስ እስከ ሁለት ሳምንት እንደሚፈልግ፣ ጉዳይ ያለበት ሰውም ከወር በፊት መምጣት እንዳለበት በጉልህ ተጽፏል። ሕትመቱ ግሩም ነው። ይህንኑ ወረቀት በራችሁ ላይ ብትለጥፉት ምን ይጎድልባችሁ ነበር?

አራተኛ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ልጄ ሻንጣውን እየገፋ በአጠገቤ አልፎኝ ሄደ። ስጠራው ዞሮ አየኝና፣ ስድስት ዓመት የጠበቅኩት የመጀመሪያ ቃሉ «እማዬ፣ ማነው የመታሽ?» የሚል ሆነ። አሁን እሱ በመጪው እሁድ ይመለሳል፤ ፊቴ ደግሞ በወረቀታችሁ መሠረት ሰኞ ይደርሳል።

ስለሆነም ማብራሪያው የደንበኛ አፍ ገና በሚንቀሳቀስበት ሰዓት እንዲሰጥ በታላቅ ትሕትና እየጠየቅሁ፣ በሻሽ እንደተሸፈንኩ እጅ እነሣለሁ።

ጥያቄ የሌላት ደንበኛዎ

ማሳሰቢያ፦ አሲዱን ከመቀባታችሁ በፊት ፎቶግራፍ አንሥታችሁኝ ነበር። እባክዎ እስከ ቅዳሜ ይላኩልኝ፤ ልጄ እናቱን ሳያይ እንዳይሄድ።